የማገዶ ችግር በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ገጠሮች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮምቦልቻ ውስጥ የሲሚንቶ ምድጃ ከሚያመርቱ ሰዎች ጋር እሠራለሁ። ያደግሁት ኩታበር ነው፤ እናቴም ዛሬ ድረስ እዚያው ናት። ጥያቄ ይዘው የሚመጡት በአብዛኛው ገጠር ያሉ ባለትዳሮችና ከተማ ገብተው ወላጆቻቸውን ከጭስ ለማውጣት የሚፈልጉ ልጆች ናቸው። መልሶቹን በአንድ ቦታ ያሰፈርኩት ያንኑ ነገር በየገበያው ቀን እየደጋገምኩ መናገር ስለሰለቸኝ ነው።

“የነዳጅ ድህነት” የሚባለው ቤንዚን ማጣት ነው?

አይደለም። ቃሉ የመጣው ከብሪታኒያ ነው። እዚያ ቤቱን ለማሞቅና ለመሰል የኃይል ፍጆታ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ማውጣት የሚገደድ ቤተሰብ በዚህ ስም ይጠራ ነበር፤ ስኮትላንድ አሁንም 10 በመቶን እንደ መነሻ ትጠቀምበታለች። እኛ ዘንድ ነዳጅ ሲባል ጆሮ የሚሰማው ናፍጣና ቤንዚን ስለሆነ “የማገዶ ድህነት” ማለቱ ይሻለኛል።

የ10 በመቶው ስሌት እዚህ ብዙ አያስኬድም። ከቶሳ ተራራ ጥግ ጭራሮ ለቅማ የምትመለስ ሴት ደረሰኝ የላትም። የከፈለችው ግማሽ ቀኗን ነው፤ የጀርባ ሕመሙም በሒሳቡ ውስጥ አይገባም። ማሳ ላይ መበተን የነበረበት ፍግ ምጣድ ሥር ሲነድም ወጪ ነው፤ ግን ማንም አይመዘግበውም። በኢትዮጵያ ከ10 ቤተሰብ ከ9 የሚበልጠው ምግቡን የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበት፣ በከሰልና በሰብል ተረፈ ምርት ነው። ከዚህ ማገዶ ግማሽ ያህሉን የሚበላው ደግሞ አንድ ሥራ ነው፦ እንጀራ መጋገር። ከታች ያሉትን መልሶች ሲያነቡ ይህን አንድ ነገር ባይዘነጉት ጥሩ ነው።

ደጋውና ቆላው አንድ ዓይነት ችግር ነው ያለባቸው?

የለባቸውም። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐረጎን ተጠማዝዘው ሲወርዱ የሚያገኟት ኮምቦልቻ ደግሞ በ1,850 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። በዚህች አጭር መንገድ ማገዶው ይለወጣል። በቃሉና በሐርቡ በኩል የማሽላ አገዳ አለ፤ ቁጥቋጦም ይገኛል። ጭቅጭቁ አገዳው ለከብት ይሁን፣ ለአጥር ይሁን ወይስ ለምድጃ የሚል ነው። ወደ ጉጉፍቱና ወደ ለጋምቦ ሲወጡ ግን ዛፍ የሚባለው ነገር ከባሕር ዛፍ በቀር ብዙ አይታይም፤ የቤቱ ሁሉ ተስፋ ኩበት ላይ ነው። ውርጩ ስለሚከብድ እሳቱ ከማብሰል አልፎ ሰው ያሞቃል።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላም ነገር አለ። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ውኃ የሚፈላበት ሙቀት ይቀንሳል። ደሴ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ 3,000 ሜትር ላይ ደግሞ ወደ 90 ይወርዳል። ስለዚህ ባቄላው ወይም አተሩ ደጋ ላይ ለመብሰል ረጅም ሰዓት ይፈልጋል፤ እንጨቱም በዚያው ልክ ያልቃል። ማገዶ የሌለበት አገር ብዙ ማገዶ የሚጠይቅ አገር ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ከብት አለን፤ ኩበት ነፃ ነው። ታዲያ ምን ቸገረን?

ነፃ አይደለም። ይህን ጥያቄ የሚያነሱት አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች ናቸው፤ ኩበት የሚጠፈጥፉት እነሱ ስላልሆኑ አልፈርድባቸውም።

ፍግ ሲነድ ናይትሮጅኑና አፈሩን የሚያለሰልሰው ብስባሽ በጭስ ይሄዳል። አመዱ ጥቂት ፖታሲየምና ፎስፈረስ ይይዛል፤ እሱን ማሳ ላይ መበተን ይጠቅማል እንጂ ፍጉን አይተካም። ስለዚህ በመስከረምና በጥቅምት የተጠፈጠፈው ኩበት በቀጣዩ ሐምሌ ማዳበሪያ ሆኖ በብር ይገዛል። የማዳበሪያ ዋጋ ሲንር የሚያማርር ገበሬ ቤት ገብቼ ግድግዳው ላይ የተደረደረውን ኩበት ሳይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይታየኛል፦ ያ ግድግዳ የሚቀጥለው ዓመት ማሳው ነው። አፈሩ ሲደክም ሰብሉ ያንሳል፤ ሰብሉ ሲያንስ ገለባው ያንሳል፤ ገለባው ሲያንስ ከብቱ ይከሳል፤ ከከሳ ከብት ደግሞ ኩበቱም ጥቂት ነው።

ኩበት ማንደድ በአንድ ቀን ይቁም አልልም። ደጋ ላይ ያለች እናት ነገ በምን ልትጋግር? ግማሹን ማዳን ከተቻለ ግን ያ ግማሽ ቢያንስ ጓሮውን ይደርሳል። በተግባር ያየሁት መንገድ ይህ ነው፦ ምድጃ የቀየረ ቤት መጀመሪያ የሚቀንሰው የሚገዛውን ፍልጥ እንጂ ኩበቱን አይደለም። ስለዚህ ምድጃው ሲገባ ከባልና ሚስት ጋር “ይህን ያህል ፍግ ወደ ማሳ ይሄዳል” ብሎ አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። ካልተነጋገሩበት የተረፈው ኩበት ለደሴ ገበያ ይሸጣል። መሸጡ ነውር የለውም፤ ብቻ አፈሩ ምንም አላገኘም።

ለእናቴ ሶላር ልግዛላት ወይስ ምድጃ?

ከተማ የሚኖሩ ልጆች ከዚህ ጥያቄ አያልፉም፤ አብዛኞቹም መልሱን ወስነው ሶላሩን ገዝተው ከመጡ በኋላ ነው የሚጠይቁት። ሶላር ያምራል። ማታ ሲበራ ጎረቤት ያያል፤ ስልክ ይሞላል፤ ልጅ ያጠናበታል፤ ኩራዝንም ከቤት ያስወጣል። የላምባ ጭስና የእሳት አደጋ መቅረቱ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ሶላሩ ከገባ በኋላም እናትዎ በማግስቱ እንጨት ሊሸከሙ ይወጣሉ። መብራቱ የነካው የችግሩን ትንሹን ክፍል ነው።

በእኔ ምክር የመጀመሪያው ገንዘብ ወደ ምጣዱ እሳት ይሂድ፤ ሁለተኛው ወደ መብራት። ሁለቱንም መግዛት ከቻሉ ግን ማን ይከለክልዎታል።

በሶላር እንጀራ መጋገር አይቻልም?

ገጠር ውስጥ በሚሸጠው ዓይነት አይቻልም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። የ10 ዋት ሰሌዳ ያለው ሶላር ገዝተው ከሆነ 350 እንደዚያ ዓይነት ያስፈልግዎታል፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ።

ምርጥ ምድጃ የሚባለው ምንድን ነው? በእርግጥ እንጨት ይቆጥባል?

“ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥ” ይባላል። ስለ ወጡ አልከራከርም፤ እንጨቱን ግን ያተርፋል።

በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጋገር እሳቱ በየአቅጣጫው ይሸሻል። ነፋስ በመጣ ቁጥር ነበልባሉ ምጣዱን ትቶ ግድግዳውን ያሞቃል፤ የጋጋሪዋን እግርም ይለበልባል። ምርጥ ምድጃ ይህንን እሳት የሚከብ የእንጀራ ምድጃ ነው። የተሠራው በ1980ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) በመንግሥት የኢነርጂ ጥናት ማዕከል ነው። ከሲሚንቶና ከፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ወይም ከቀይ ገሞራ አሸዋ በቅርጽ ይፈሰሳል። ስድስት ክፍሎች አሉት፦ አራቱ ተገጣጥመው እሳቱን የሚከቡ ናቸው፤ ሁለቱ ከኋላ ጭሱ በሚወጣበት በኩል ድስት የሚያስቀምጡ ናቸው። እንጀራው ሲጋገር ከኋላ ውኃ ይሞቃል ወይም ሽሮ ይንተከተካል። በአግባቡ ከተተከለና ከተያዘ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ እንጨት ይቆጥባል።

“እስከ” የምትለዋ ቃል ትልቅ ናት። ቁጠባው የሚገኘው አራቱ ክፍሎች የተገናኙበት ቦታ በጭቃ ከተመረገ፣ ምጣዱ አፉ ላይ በልክ ከተቀመጠና ማገዶው ደረቅ ሆኖ በትንሽ በትንሹ ከተማገደ ነው። የተሰነጠቀ፣ ያልተመረገ፣ እርጥብ ግንድ የተጎሰጎሰበት ምርጥ ምድጃ ከጉልቻ ብዙም አይሻልም።

ሲገዙ ምርቱን በጣትዎ ጠርዙ ላይ ፈተግ ያድርጉት። እንደ ዱቄት የሚረግፍ ከሆነ ሲሚንቶው ተቆጥቦበታል ወይም ሳይጠነክር ለገበያ ወጥቷል። የተፈሰሰ ምድጃ ቢያንስ አንድ ሳምንት ጥላ ሥር ውኃ እየጠጣ መቆየት አለበት። በገበያ ቀን ጠዋት ተፈስሶ ከሰዓት የሚሸጥ ምድጃ ሁለት ወር አይሞላም። የእኛን ሙያ የሚያሰድቡት እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው።

ሌሎች ዓይነቶችም አሉ። ጎንዜ ከሸክላ የሚሠራ ስለሆነ የሸክላ አፈርና ባለሙያ ባለበት ቀበሌ ይመቻል። ትክክል የሚባለው ለድስት ብቻ የሚሆን የእንጨት ምድጃ ነው። ላቀች ደግሞ የከሰል ነው፤ ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል።

መቆጠቡን በራሴ ማረጋገጥ እችላለሁ?

ይችላሉ፤ እንዲያውም ሻጭን ከማመን ይህ ይሻላል። አንድ ቀን በጉልቻ ከመጋገርዎ በፊት እንጨቱን በሚዛን ይመዝኑ፤ የጥራጥሬ ነጋዴ ሚዛን ይበቃል። ሲጨርሱ የተረፈውን መልሰው ይመዝኑና የወጣውን እንጀራ ይቁጠሩ። በሌላ ቀን በተመሳሳይ ሊጥ፣ ከዚያው ክምር በወጣ እንጨት፣ በአዲሱ ምድጃ ይድገሙት። የመጀመሪያውን ቀን ውጤት አይመኑት፤ አዲስ ምድጃ እርጥበቱን እስኪጨርስ እንጨት ይበላል። ከሦስተኛው ጋገራ በኋላ ያለው ነው እውነተኛው።

ጭሱስ ይቀራል?

ይቀንሳል እንጂ አይቀርም። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በ2020 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 3.2 ሚሊዮን ሰው መሞቱን ገምቷል፤ ከእነዚህ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ሕፃናቱ የሚጎዱት በእናታቸው ጀርባ ታዝለው ጭሱን አብረው ስለሚስቡት ነው። የሳንባ ምች፣ የማያቋርጥ ሳል፣ የዓይን ሞራ ከዚሁ ጋር የተያያዙ ናቸው።

ስለዚህ ምድጃ ሲተክሉ ከጣሪያው ሥር ከምጣዱ ትይዩ ቀዳዳ ይክፈቱ። የሚያስፈልገው አንድ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። ከተቻለ ማድ ቤቱን ከመኝታ ቤት ይለዩት። በጋገራ ሰዓት ሕፃኑን ሌላ ሰው ይያዘው። ባልየው ቢይዘው ምንም አይሆንም።

መብራት ገብቶልናል፤ ግን አሁንም በእንጨት ነው የምንጋግረው። ለምን?

ምሰሶ ቆመ ማለት ማድ ቤት ተለወጠ ማለት ስላልሆነ ነው። መንግሥት በ2011 ባወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም በ2025 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሁሉንም ለማዳረስ አቅዶ ነበር፤ 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጪ በሆኑ አማራጮች። ህዳሴ ግድብም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 በ5,150 ሜጋ ዋት ተመርቋል። ይህ ሁሉ ደስ ይላል። ከግድቡ እስከ ምጣዱ ያለው ሽቦ ግን ብዙ ቦታ ይቀጥናል።

ሒሳቡን እንሥራው። ምጣዱ 3.5 ኪሎ ዋት ነው እንበል። ለማሞቅና 30 እንጀራ ለመጋገር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ ይህ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ከተጋገረ በወር ወደ 45 ይጠጋል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ እንደ ፍጆታው መጠን በደረጃ የሚጨምር ነው፤ ዝቅተኛው ደረጃ የሚያበቃው በወር 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ መብራትና ስልክ መሙያ ብቻ ያለው ቤት፣ ምጣድ ጨምሮም ቢሆን ከዝቅተኛው ደረጃ ብዙ አይርቅም። የሚገዛ እንጨት ለሚነድበት ቤት ይህ ያዋጣል። ጭራሮ ለቅሞ ለሚጋግር ቤት ግን አዲስ የገንዘብ ወጪ ነው፤ በወሩ መጨረሻ የሚጠየቀው ብር እንጂ የእናትየው ሰዓት አይደለም። ሰው ለምን እንደሚያመነታ ይገባኛል።

ሌላው ሽቦው ነው። ያ ምጣድ ወደ 16 አምፔር ይስባል። ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ፣ ያውም ከጎረቤት ቆጣሪ በተቀጠለ መስመር ላይ ምጣድ መሰካት ቤት ማቃጠል ነው። ለምጣድ የሚሆን 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ለብቻው ከቆጣሪው እንዲዘረጋ ያድርጉ፤ ማቋረጫም ይኑረው። አራት አምስት ቤት በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀም ከሆነ የምጣዱን ነገር ይተዉት፤ ፍጆታው ሲደመር ሁሉንም ወደ ውዱ የታሪፍ ደረጃ ይወስዳቸዋል፤ ጠቡም ከዚያ ይጀምራል።

መብራት የሚጠፋበት ቀን ደግሞ የቦካ ሊጥ አይጠብቅም። የኤሌክትሪክ ምጣድ የገዙ ሰዎች የእንጨት ምድጃቸውን እንዲጥሉ አልመክርም።

ባዮጋዝ ያዋጣናል?

ለአንዳንዱ በጣም ያዋጣል፤ ለአንዳንዱ ጨርሶ አያዋጣም። ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በ2009 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲጀመር አማራ ክልል ከመጀመሪያዎቹ አራት ክልሎች አንዱ ነበር። የሚቆፈሩት ጉድጓዶች 4፣ 6፣ 8 ወይም 10 ሜትር ኩብ ናቸው። ትንሹን እንኳ ለመመገብ በረት የሚያድሩ ቢያንስ አራት ከብቶች፣ በየቀኑ ከ20 ኪሎ የማያንስ ትኩስ እበትና በዚያው ልክ ውኃ ያስፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ሜዳ የሚውሉ ከብቶች እበታቸውን እዚያው ይተዉታል። ውኃው ከአንድ ሰዓት መንገድ የሚቀዳ ከሆነ ደግሞ እንጨት የምትሸከመውን ሴት ውኃ አሸካሚ ማድረግ ነው፤ የሸክሙ ዓይነት ተለወጠ እንጂ ሸክሙ አልቀረም።

ቅዝቃዜም አለ። እበቱን የሚያብላሉት ተሕዋስያን ሙቀት ይወዳሉ፤ የጉድጓዱ ሙቀት ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ ጋዙ በጣም ይቀንሳል። ስለዚህ ለተሁለደሬና ለቃሉ የምመክረውን ለጉጉፍቱ አልመክርም።

በሚመቸው ቦታ ግን ከሁሉ የምወደው እሱን ነው፤ ምክንያቱም የፍጉን ጥያቄ ይፈታዋል። ጋዙ ይነዳል፤ ከጉድጓዱ የሚወጣው ዝቃጭ ደግሞ ናይትሮጅኑን እንደያዘ ማሳ ይገባል። ወጥና ሻይ ይሠራበታል። እንጀራው ላይ ግን ያስቸግራል፤ ባለ 60 ሳንቲ ሜትር ምጣድ ዳር እስከ ዳር እኩል ለማሞቅ ተራው የባዮጋዝ ምድጃ አይበቃም። ምርጥ ምድጃውን ከጎኑ ያቆዩት።

ቡታጋዝስ?

ለከተማ ነው። ሲሊንደሩን ለማስሞላት ደሴ ድረስ መመላለስና ዋጋውን መቻል ያስፈልጋል፤ አቅርቦቱም ይቆራረጣል። ለወጥና ለሻይ እንጂ ለእንጀራ አይሆንም።

ከሰል ጭስ ስለሌለው አይሻልም?

ለጋጋሪዋ ዓይን ይሻላል፤ ለጫካው ግን ይከፋል። በአፈር ተሸፍኖ በባህላዊ መንገድ ሲከሰል ከእንጨቱ ክብደት የሚገኘው ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ ነው። አንድ ኪሎ ከሰል ማለት ከአምስት እስከ አሥር ኪሎ እንጨት ማለት ነው። ማገዶ የቸገረው ገጠር ወደ ከሰል መሄዱ አያዋጣውም።

ጭስ የለውም ማለት ደግሞ መርዝ የለውም ማለት አይደለም። በደሴ ብርድ ከሰል መኝታ ቤት አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ሰው ይገድላል። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው፤ አይሸትም፣ አይታይም። ፍሙ ቀይ ሆኖ ጭሱ ከጠፋም በኋላ ይወጣል፤ አመድ ማልበስም አያስቆመውም። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማስመለስ ከጀመረ ምግብ ተመርዞ ነው ብለው አይጠብቁ፤ ሰውየውን ወዲያው ወደ ውጭ ያውጡት፤ ወደ ሕክምና ይውሰዱት። እንግዳ ሲመጣ “ይብረደው እንዴ” ተብሎ ከሰል የሚገባበት ልማድ ይቅር። ብርድ ልብስ ይደረብ።

ቡናውንስ እንቀንስ?

ወሎ ውስጥ ቡና ቀንሱ ብሎ የሚመክር ሰው ዳግመኛ አይጠራም። አቦል፣ ቶና፣ በረካው ይቀጥል። ላቀች ይግዙ፤ ጀበናው ሲወርድ ፍሙ ላይ ለእራት የሚሆን ነገር ይጣዱበት። ዱዓ ባለበት ቀን ሰው ስለሚበዛ በሦስት ትናንሽ ምድጃ ከማፍላት አንድ ትልቅ ጀበና ይሻላል።

ባሕር ዛፍ እንትከል ወይስ አንትከል?

ይትከሉ፤ ቦታውን ግን ይምረጡ። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ የገባውም በዚሁ በማገዶ ችግር ምክንያት ነው። ስሙን የሚያጠፉት ብዙ ናቸው። እውነት ነው፣ ምንጭ አጠገብና ማሳ ዳር አይተከልም፤ ውኃውን ይሻማል፣ ሰብሉንም ያቀጭጫል። በገደላማና ለእርሻ በማይሆን መሬት ላይ ግን ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጥ፣ በአምስትና በስድስት ዓመት ለምሰሶ የሚደርስ፣ ቅጠሉ እንኳ ሳይቀር ምጣድ የሚያሰማ ሌላ ዛፍ በቀላሉ አይገኝም። ደጋው ዛሬ ጨርሶ ራቁቱን ያልቀረው በእሱ ነው። ከጓሮ አጥር ዳር ደግሞ ሰስባኒያ ቢተከል ቅጠሉ ለከብት፣ ግንዱ ለማገዶ ይሆናል።

ከየጎፍ ጫካ እንጨት ማምጣት ይቻላል?

የጎፍ በመንግሥት የሚጠበቅ ደን ነው። ጽዱና ወይራው አይነካም።

ምድጃውን የምንገዛበት ገንዘብ የለንም። ምን እናድርግ?

ዕቁብ። ለከብትና ለጣሪያ ቆርቆሮ የሚጣል ዕቁብ ለምድጃ የማይጣልበት ምክንያት የለም። አሥር ሴቶች በየገበያው ቀን ጥቂት ጥቂት ቢያዋጡ በየዙሩ አንድ ወይም ሁለት ቤት ምድጃ ይገባል። አምራቹም አሥር ምድጃ እንደሚሸጥ ካወቀ ዋጋ ይቀንሳል፤ ማጓጓዣውም አንድ ይሆናል። ምድጃው ከባድ ነው፤ በአህያ ሲጫን መንገድ ላይ የሚሰበረው ቀላል አይደለም። ስለዚህ ብዙ ከሆናችሁ ቅርጹንና ሲሚንቶውን ይዞ አምራቹ ወደ ቀበሌያችሁ ቢመጣ ይሻላል። እኛም እንዲህ እናደርጋለን።

ወረዳችሁ የውኃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት ጋ ሄዳችሁ የሠለጠነ አምራች በአቅራቢያ መኖሩን ጠይቁ። ወሎ ዩኒቨርሲቲም ኮምቦልቻ ላይ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው፤ ምርታችሁን ለማስፈተሽ ወይም ቅርጽ ለማሠራት ማንኳኳት ነውር የለውም።

ገንዘብ ሳናወጣ ዛሬ የምናደርገው ነገር የለም?

አለ፤ ከምድጃው እኩል የሚቆጠር ነው። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ግማሽ ያህል ክብደቱ ውኃ ነው። እርጥቡን ሲያነዱ መጀመሪያ ያንን ውኃ ያፈላሉ፤ ከዚያ ነው ምጣዱ የሚሞቀው። ስለዚህ በበጋ ተፈልጦ፣ ከመሬት ከፍ ተደርጎ፣ ክዳን ሥር የተደረደረ እንጨት ክረምቱን ያሻግራል። ግንዱን በቀጭን በቀጭኑ ይፍለጡ።

ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ ማታ ይዘፍዝፉ። ድስት ይክደኑ፤ ክዳን የሌለው ድስት ደጋ ላይ ቅንጦት ነው። ከተቻለ ሁለት ቤት ተራ በተራ በአንድ ምጣድ ይጋግር፦ አንዷ ስትጨርስ ምጣዱ እንደጋለ ሌላዋ ትቀጥላለች፤ ለማሟቅ የሚነደው የመጀመሪያው ማገዶ ይድናል። በጋገራው መጨረሻ የቀረው ፍም ላይ ቆሎ ይቆላል፤ ይህን ግን ለወሎ እናት መንገር ድፍረት ነው።

አንድ ድርጅት በነፃ የሰጠን ምድጃ አልሠራልንም። ሁሉም እንደዚያ ነው?

አይደለም። እኔም አውቀዋለሁ እንዲህ ያለውን ነገር። እኛ መንደር አንድ ጊዜ የሚያብረቀርቅ የብረት ምድጃ ታደለ፤ ፎቶ ተነሣን፤ ተጨበጨበ። ምጣድ አያስቀምጥም ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ሳይ በአብዛኛው ቤት ዶሮ ተቀምጣበታለች። የእንጀራ አገር ላይ እንጀራ የማይጋግር ምድጃ የሚያድል ሰው መጀመሪያ አንድ ማክሰኞ ወይም አርብ ማድ ቤት ገብቶ ቢቀመጥ ይበቃው ነበር።

ምድጃውን ገዝቼ ላክሁ፤ እናቴ ግን አትጠቀምበትም። እልከኛ ሆና ነው?

የእኔም እናት ስድስት ወር ሙሉ አልነካችውም። ምድጃ የሚሠራ ልጅ እናት! ስደውል “ጥሩ ነው ልጄ፣ ተመስገን” ትለኛለች፤ ስሄድ ግን ጥግ ላይ ጤፍ ተሰፍሮ ተቀምጦበት አገኘሁ። ጉልቻው ደግሞ ይነዳል። ተቆጣሁ፤ እሷም ዝም አለች። ማታ ላይ አክስቴ ለብቻዬ ጠርታ ነገረችኝ፦ የእናቴ ምጣድ ከምድጃው አፍ ሁለት ጣት ይሰፋል። ሲቀመጥ ይወዛወዛል፤ ሊጡ ወደ አንድ ጎን ይፈሳል። ያንን ምጣድ ደግሞ በጎመን ዘር ያሟሸችው እሷ ናት፤ ስንት ዓመት የጋገረችበት፣ ዓይኑ የማይጠፋበት ምጣድ ነው። ለእኔ ምድጃ ብላ አትጥለውም፤ እንዳይከፋኝም አትነግረኝም።

ሰፋ ያለ አፍ ያለው ምድጃ አሠርቼ ወሰድኩላት። ስለዚህ እርስዎም ከመግዛትዎ በፊት የእናትዎን ምጣድ ዳር እስከ ዳር በገመድ ያስለኩና ገመዱን ይዘው ይምጡ።